ቆባው ወይስ ፍሬው? ለጓሯችን የሚጣፍጥ አደንጓሬ ስለመምረጥ



የካቲት ገብቷል፤ የዘር ካታሎጉም በየቤታችን ደርሷል። እዚህ ለንደን ውስጥ ከካውንስል አሎትመንት፣ ማለትም የአትክልት መሬት፣ የተከራያችሁ አላችሁ፤ ከቤታችሁ ጀርባ ሁለት መደብ ያላችሁ አላችሁ፤ በረንዳ ላይ ካለው የአበባ መትከያ በቀር መሬት የሌላችሁም አላችሁ። ካታሎጉን ገልጣችሁ ራነር ቢን የሚለው ገጽ ላይ ስትደርሱ ግን ሁላችሁንም የሚገጥማችሁ ችግር አንድ ነው። ዝርያው ብዙ ነው፤ ሁሉም «ጣፋጭ» ተብሎ ተጽፎለታል፤ ፎቶግራፉም ሁሉም ያምራል። ታዲያ የትኛውን እንግዛ? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው።

ራነር ቢን ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ አገር ቤት አደንጓሬ የምንለው ነው። በደጋና በወይና ደጋ ጓሮዎች አጥሩን ተጠምጥሞ የሚወጣው፣ ቀይ ወይም ነጭ አበባ የሚያብበው፣ ፍሬው ከቦሎቄ በብዙ የሚተልቀው ማለት ነው። መነሻው ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ አገር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ ውሃና ስለ ሙቀት ስናነሳ ይጠቅመናል። የደጋ ተክል ስለሆነ ውርጭ ቢገድለውም ሐሩርንም አይችልም።

ወደ እንግሊዝ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ ያመጣው ጆን ትራድስካንት የተባለው ስመ ጥር አትክልተኛ እንደሆነ ይነገራል። ያኔ የሚተከለው ለአበባው ውበት ነበር። ቆባውን ማብሰልና መብላትን ያስለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቼልሲ ፊዚክ ጋርደን ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ ሚለር ነው ይባላል። ያ የአትክልት ስፍራ ዛሬም ቴምዝ ወንዝ አጠገብ አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትጎበኙት ደስ ይላችኋል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። አገር ቤት ከአደንጓሬ የምንፈልገው በዋናነት ፍሬውን ነው፤ ደርቆ ተፈልፍሎ ነፍሮ ይሆናል፣ ወጥ ይሆናል። እንግሊዞች ደግሞ የሚፈልጉት ፍሬው ገና ሳያብጥ አረንጓዴውን ቆባ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው፤ ለአንዱ የተመረጠ ዝርያ ለሌላው ምርጥ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቻችን ፓኬቱ ላይ ያለውን ረጅም አረንጓዴ ቆባ አይተን እንገዛና በመስከረም ፍሬውን ለነፍሮ እንጠብቃለን። ከዚያ «የዚህ አገር አደንጓሬ ጣዕም የለውም» እንላለን። ስለዚህ ዝርያ ከመምረጣችሁ በፊት በቤታችሁ የሚበላው ቆባው ነው ወይስ ፍሬው የሚለውን ወስኑ። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ዓይነት ዝሩ፤ አንዱን ለሁለቱም ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ታጣላችሁ።

ከቆባው ልጀምር። የአረንጓዴ ቆባ ጣዕም ጠላቱ ክር ነው። ቆባው በሁለት ጎኑ ስፌት አለው፤ ተክሉ ቆባውን እያሳደገ ሲሄድ በዚያ ስፌት ላይ ጠንካራ ክር ይሠራል። ክሩ ከበረታ በኋላ ምንም ያህል ብትቀቅሉት አይለሰልስም፤ አፍ ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከክርም ይብሳል፤ የቆባው የውስጥ ግድግዳ ብራና የሚመስል ሽፋን ያወጣል። እዚያ ከደረሰ ለምግብ አልፏል፤ ለፍሬው ተዉት።

እንዲህ አድርጋችሁ ፈትኑት። አንድ ቆባ ቅጠፉና በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ከመሐሉ እጠፉት። ቀጭ ብሎ ለሁለት ከተሰበረና የተሰበረበት ቦታ ውሃ ከቋጠረ፣ ደርሷል፣ ለስላሳ ነው። ተሰብሮ በአንድ ጎኑ በክር ከተንጠለጠለ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች ላጡትና አብስሉት፤ ገና ይበላል። ሳይሰበር ከተጣጠፈ ግን ጊዜው አልፏል። ሌላው ምልክት ብርሃን ነው፤ ቆባውን ወደ ፀሐይ ብታነሱት ፍሬዎቹ እንደ ጥላ ይታያሉ። ጥላቸው የትንሽ ጣት ጥፍር እስኪያህል ከሆነ መልካም ነው፤ ከውጭ በጣታችሁ ስትዳስሱ እብጠታቸው ከተሰማችሁ ዘግይታችኋል።

በርዝመት ስትለኩት አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን መቀጠፍ አለበት። እዚህ አገር የረጅም አደንጓሬ ውድድር የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ኢኖርማ የሚባለው ዝርያ በእነርሱ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ገና ለጋ ሳለ ከቀጠፋችሁት ጥሩ ምግብ ነው። ርዝመቱን እያያችሁ «ነገ ደግሞ ይጨምር» ካላችሁ ግን ምሳችሁን ለሜትር ሰጣችሁት ማለት ነው። ጎረቤታችሁ ክንድ የሚያህል ቆባ ይዞ ሲያሳያችሁ አድንቁት፤ ለድስታችሁ ግን አትቅኑበት።

ጁላይ ላይ መስጠት ከጀመረ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ መቀጠፍ አለበት። ተክሉ የሚደክመው ዘር ለመተው ነው፤ ጥቂት ቆባዎች እስኪያፈሩ ከተዋችኋቸው ሥራውን እንደ ጨረሰ ቆጥሮ ማበቡን ይቀንሳል። ኦገስት ላይ ለዕረፍት አገር ቤት የምትሄዱ፣ መጥቶ እየቀጠፈ ቢወስድ የሚደሰት ጎረቤት አታጡም። ስትመለሱ ተክሉ አሁንም እያበበ ታገኙታላችሁ።

አሁን ዝርያዎቹን በስማቸው ላንሳ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ለእናንተ ይሆናሉ የምላቸውን ብቻ ነው።

ለጣዕም ብቻ ከጠየቃችሁኝ ስካርሌት ኢምፐረርን አስቀድማለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዝርያ ነው፤ አበባው ደማቅ ቀይ፣ ፍሬው ሐምራዊ ላይ ጥቁር ዥንጉርጉር ነው። የራነር ቢን ጣዕም የሚባለው፣ ከፎሶሊያ ጠንከር ያለውና አፍ ላይ የሚቆየው ጣዕም በዚህ በደንብ ይገኛል። ክር ግን አለው። በቶሎ ለሚቀጥፍ ሰው ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቻ ወደ አሎትመንቱ ብቅ ለሚል ሰው አልመክረውም።

በሳምንት አንዴ ለሚመጣው ኋይት ሌዲ ይሻለዋል። አበባውም ፍሬውም ነጭ ነው፤ ቆባው ሥጋው ወፈር ያለ ነው፤ ክሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ በሞቃት በጋም ከብዙዎቹ ቀይ አበባ ዝርያዎች የተሻለ ይይዛል። ጣዕሙ ከስካርሌት ኢምፐረር ለዘብ ይላል። በአገር ቤቱ ፎሶሊያ አፋቸውን ለፈቱ ልጆች የሚስማማቸው ይህ ይመስለኛል። ቀይ አበባ ከወደዳችሁና ክር ካልፈለጋችሁ ደግሞ ፖልስታር አለ።

ፔይንትድ ሌዲ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። አበባው ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ ነው፤ ከቤት ፊት ለፊት ብትተክሉት መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ለጋው ቆባ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ቆባው አጠር ያለ ነው፣ ምርቱም ከአዲሶቹ ያንሳል፣ ክርም ቶሎ ያበጃል። ቦታ ካላችሁ አንድ ሁለት ሥር ይኑራችሁ፤ ቦታ ከሌላችሁ መደባችሁን በሙሉ አትስጡት።

ሙንላይትና ፋየርስቶርም የሚባሉት የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። ራነር ቢን ከፎሶሊያ ጋር ተዳቅሎ የተገኙ ስለሆኑ፣ ያለ ንብ ራሳቸውን ችለው ይይዛሉ፤ ቆባቸውም ለስላሳ ነው። አደንጓሬያችሁ በየዓመቱ አበባውን እያረገፈ ላስቸገራችሁ እነዚህን እመክራለሁ። በጣዕም ግን የፎሶሊያው ወገን ስላለባቸው የድሮዎቹን ያህል ጠንካራ አይደሉም። በረንዳ ብቻ ላላችሁ ሄስቲያ የሚባል አጭር ዝርያ አለ፤ ቁመቱ ጉልበት አይደርስም፣ እንጨት አይፈልግም። ምርቱ ትንሽ ነው፤ የሁለት ሦስት ቀን ወጥ ግን አያሳጣም።

ወደ ፍሬው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ በልጅነታችን የምናውቀው ጣዕም ይህ ነውና።

ለደረቅ ፍሬ ዛር የተባለውን ፈልጉ። የድሮ የእንግሊዝ ዝርያ ነው፤ ፍሬው ትልቅና ንጹሕ ነጭ ነው፤ ሲበስል ቅርፊቱ ቀጭን፣ ውስጡ ልስልስ ይላል። ቀያይ አበባ ያላቸው ዝርያዎች ፍሬም ይበላል፣ ግን ቅርፊታቸው ይወፍራል፤ የሚቀቀሉበት ውሃም ይጠቁራል። አልጫ የምትሠሩ ከሆነ ነጩ ይሻላችኋል። ሌሎች አገሮችም ትልቁን ፍሬ እንደ እኛ ያከብሩታል። ግሪኮች ጊጋንቴስ ብለው በቲማቲምና በዘይት ምድጃ ውስጥ ያበስሉታል፤ በፕሬስፓ ሐይቆች ዙሪያ የሚበቅለው ስሙ የታወቀ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየርማርክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ደግሞ ዥንጉርጉሩን ቀቅለው ከጥሬ ሽንኩርትና ከዱባ ፍሬ ዘይት ጋር እንደ ሰላጣ ያቀርቡታል። የሁለቱም ምግብ የጾም ምግብ ነው፤ ለእኛ ቤት ምንም ለውጥ አያስፈልገውም።

ለፍሬ የምትተክሉትን ከቆባው በተለየ መንገድ ያዙት። ከመጀመሪያዎቹ አበቦች የያዘውን አትንኩ፤ ሁሉም ተክሉ ላይ ይድረቅ። በለንደን አየር ቆባው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ቡናማ ሆኖ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ዝናብ ከበዛ ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ ጣሪያ ያለው ቦታ አንጠልጥሉት። ፈልፍላችሁ ካደረቃችሁት በኋላ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የራሳችሁ አደንጓሬ በእጃችሁ ነው።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ በትኩረት ስሙኝ፤ ከጣዕምም የሚቀድም ነው። የአደንጓሬ ፍሬ ጥሬውን ወይም በከፊል በስሎ ከተበላ ይመርዛል። ውስጡ ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፤ በአዲስ ውሃ ጣዱትና ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሙሉ በኃይል ይፍላ። ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ድረስ አብስሉት። ስሎው ኩከር የምትጠቀሙ፣ ይህን የመጀመሪያ ማፍላት በድስት ሳታደርጉ ፍሬውን በቀጥታ አትጨምሩበት፤ የማሽኑ ሙቀት መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል። ከስንዴ ጋር ነፍሮ የምታደርጉም አደንጓሬውን ለብቻው አብስላችሁ ኋላ ቀላቅሉት። ለጋውንም ቆባ ቢሆን ልጆች ከተክሉ እየቀጠፉ ጥሬውን እንዳይበሉ ንገሯቸው።

ወደ ቆባው አበሳሰል ስንመለስ፣ የራነር ቢን ቆባ ከፎሶሊያ ሰፊና ትንሽ ሻካራ ነው። ፎሶሊያን እንደምንቆርጠው በቁመቱ አጋምሰን ብንተወው ጥርስ ያስቸግራል። በሰያፍ አድርጋችሁ በስሱ ክተፉት፤ የክብሪት እንጨት ውፍረት ቢኖረው ይበቃል። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ካሮቱ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት፤ ቶሎ ይበስላል። አረንጓዴ ቀለሙ ሳይሞት፣ ቃሪያውን ጣል አድርጋችሁ አውርዱት። እስኪገረጣ እሳት ላይ ከቆየ ግን ያ ሁሉ የመረጣችሁት ጣዕም ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ቀደም ብዬ የደጋ ተክል ነው ያልኩትን አሁን ላንሳው። ጥሩ ዝርያ ገዝታችሁ በውሃ ጥም ካደገ ቆባው ይጠነክራል፣ ክሩ ይፈጥናል፣ አበባውም ይረግፋል። በጁላይ 2022 እንግሊዝ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲመዘገብ ያየነውን ታስታውሳላችሁ፤ እንዲህ ባለ ሙቀት አብዛኛው ራነር ቢን አይይዝም። የድሮ አትክልተኞች አበባውን ውሃ መርጨት ያስይዘዋል ይሉ ነበር፤ እኔ የማምነው ግን ሥሩ ሥር በሚገባው ውሃ ነው። ለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዛሬ ነው። ተክሉ በሚቆምበት ቦታ አንድ አካፋ ጥልቀት ያህል ቦይ ቆፍሩ። ከአሁን እስከ ኤፕሪል የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የተቀደደ ካርቶን እየጨመራችሁ አፈር አልብሱት። ያ ሁሉ በስብሶ በጋውን ሙሉ ውሃ ይይዝላችኋል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ አተላ አያጣም።

ዘሩን ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ መጨረሻ ላይ፣ በየቀርከሃው ሥር ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ቀርከሃው ከሰው ቁመት በላይ ይሁን። ቡቃያው ሲወጣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል፤ ማታ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ልቀሙት። የአበባው እምቡጥ አካባቢ ጥቁር ክሽክሽ ካያችሁ በጣታችሁ ጨፍልቁት ወይም በውሃ እጠቡት፤ አበባ ላይ መድኃኒት አትርጩ። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

አበባው የሚይዘው በትልልቆቹ ፀጉራም ንቦች ነው። አንዷ ስታርፍበት አበባውን ወደ ታች ትጫነዋለች፤ ውስጥ ተጠቅልሎ የነበረው ብናኝ ወጥቶ አካሏን ይነካዋል፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዶቹ ምላሳቸው አጭር ስለሆነ በፊት በር አይገቡም። የአበባውን ሥር ከጀርባው ነክሰው ቀዳዳ ያበጁና ወለላውን ይጠጣሉ፤ ብናኙን ሳይነኩ ይሄዳሉ። የተቀደደ አበባ በብዛት ካያችሁ አትደንግጡ፤ በዚያው አበባ ላይ በትክክለኛው በር የምትገባ ሌላ ንብ አትጠፋም።

ንቧ ከአበባ ወደ አበባ መሄዷ ግን ዘር ለሚያስቀምጥ ሰው ጣጣ አለው። ራነር ቢን ከፎሶሊያ ይልቅ እርስ በርሱ ይዳቀላል። እናንተ ኋይት ሌዲ፣ ጎረቤታችሁ ስካርሌት ኢምፐረር ከተከላችሁ፣ ከመደባችሁ የለቀማችሁት ዘር በሚቀጥለው ዓመት ቅልቅል ሆኖ ይበቅላል። የዘንድሮ ምግባችሁን ምንም አይጎዳውም፤ የሚለወጠው የልጁ ትውልድ ነው። ከአገር ቤት የእናቶቻችሁን አደንጓሬ በሻንጣ ለማምጣት ያሰባችሁም አላችሁ። ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ለመዝራት የሚሆን ዘር ማስገባት አይፈቀድም። ከዚያም በላይ፣ የቀንና የሌሊት ርዝመት እኩል ለመሆን በሚቀርብበት አገር የኖረ ዝርያ የእንግሊዝ ረጅም የበጋ ቀን ሊያደናግረው ይችላል፤ ቅጠል ብቻ እያወጣ ይቆይና ውርጭ ሊመጣ ሲል ያብባል። እዚህ የለመደ ዝርያ መርጣችሁ የራሳችሁ ብታደርጉት ይሻላል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአንድ አሎትመንት ላይ ሦስትም አራትም ሆናችሁ መደብ ያላችሁ፣ ዘንድሮ በአንድ ዝርያ ተስማሙ፤ እንግሊዛውያን ጎረቤቶቻችሁንም አነጋግሯቸው። ለፍሬ ከሆነ ዛርን፣ ለቆባ ከሆነ ኋይት ሌዲን። ከዚያ ዘር ስትመርጡ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አታድርጉ፤ ጥሩ ጥሩውን በልቶ፣ ሳይቀጠፍ ያረጀውንና የከረረውን ለዘር መተው የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ለከርሞ የምንዘራው ቶሎ ክር የሚያወጣውንና ማንም ያልፈለገውን ነው። ጁላይ ላይ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ቆባ አብስላችሁ ቅመሱ። የለሰለሰው፣ የጣፈጠው፣ ክር ያላሳየው ሥር ላይ ቀይ ክር እሰሩ፤ ከዚያ ሥር የሚበላ አትቅጠፉ፤ መጀመሪያ የያዛቸው ቆባዎች እዚያው ይድረቁ። ኦክቶበር ላይ ፈልፍላችሁ በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት። በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል።

በየትኛው አሎትመንት እንዳላችሁና ምን ለመዝራት እንዳሰባችሁ አሁን ብትነግሩኝ፣ ጎረቤት የሆናችሁትን እዚሁ ላስተዋውቃችሁ። ጥያቄያችሁንም እቀበላለሁ።